ሁለተኛው ቢጫ

የቡድን መሪው ከጨዋታው ታዛቢ የተቀበለውን ወረቀት ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ አነበበው። ከመልበሻ ክፍሉ ጭፈራ ይሰማል፤ ሩብ ፍጻሜውን አንድ ለዜሮ አሸንፈዋል። ወረቀቱ ግን አምበሉ ሁለተኛ ቢጫ ካርድ ስላየ ግማሽ ፍጻሜው ላይ አይሰለፍም ይላል።

የመጀመሪያውን ቢጫ ያየው በምድቡ መክፈቻ ጨዋታ፣ ከዳኛ ጋር ተነታርኮ ነበር። የምድብ ጨዋታ ሲያልቅ የቡድን መሪው ካርዱ ተሰርዟል ብሎ ነገረው። ባለፈው ውድድር ደንቡ እንደዚያ ነበር። ዘንድሮ ግን ቢጫ የሚሰረዘው ከሩብ ፍጻሜ በኋላ ነው። አምበሉ ይህን አላወቀም፤ በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ያመለጠውን አጥቂ ማልያውን ጎትቶ ያስቀረው አንድ ቢጫ ምንም አያመጣብኝም ብሎ ነው።

ውስጥ ግብ ጠባቂው አምበሉን «ሽማግሌው፣ ሰውየውን ራቁቱን ልታስቀረው ነበር እኮ» እያለ ያስቃል። አምበሉ ጉልበቱ ላይ በረዶ አድርጎ ጥግ ተቀምጧል። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከዚህ ውድድር በኋላ ጫማ እንደሚሰቅል ለሚስቱ ነግሯታል። የቡድን መሪው አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ነገረው።

«ተሰርዟል ብለውኝ አልነበር፣ ጋሼ?»

«ብዬህ ነበር። የዘንድሮውን ደንብ ሳላነብ ነው።»

አምበሉ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተጠቀለለውን ፕላስተር ቀስ እያለ ፈታ። የቡድኑ ልጆች እራት እስኪበሉ እንዳይነግራቸው ብቻ ጠየቀው። የቡድን መሪው ስድብ ጠብቆ ነበር። ቢሰድበው ይሻለው ነበር።

በማግስቱ አምበሉ ለጋዜጠኞች ቢጫ እንዳለበት እያወቀ እንዳደረገው፣ ጥፋቱም የራሱ እንደሆነ ተናገረ። የቡድን መሪው ያረፉበት ሆቴል ሊፍት ውስጥ ለብቻው ሲያገኘው ለምን እንዲህ እንዳለ ጠየቀው።

«እርስዎን ቢያባርሩ እኔን ያሰልፉኛል?» አለና ፎቁ ሲደርስ ወረደ።

ግማሽ ፍጻሜውን ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት። ሁለት ለዜሮ ተሸነፉ። በአምበሉ ቦታ የገባው ተከላካይ ደህና ተጫውቷል፤ ሁለቱም ግቦች የገቡት በሌላኛው መስመር ነው። አምበሉ ቢኖር ኖሮ ለማለት እንኳ አያመችም። እሱም በሱፍ ልብሱ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ እንዳደረገ አልተነቃነቀም። የቡድን መሪው ማልቀስ ፈልጎ እንባ አጣ።

ለሦስተኛነት ሲጫወቱ ቅጣቱ አልቆ ነበር። አሰልጣኙ ትገባለህ ወይ ሲለው እሺ አለ፤ ዘጠና ደቂቃ ተጫወተ፣ አሸነፉም። ሜዳሊያ ተሰጥቶ ሲያበቃ የቡድን መሪው ሊያቅፈው ሄደ። አምበሉ ታቀፈለት፤ ከዚያ ጉልበቱ አብጦ ስለነበር «ቦርሳዬን አውቶቡሱ ላይ ያስጭኑልኝ፣ ጋሼ» አለው።

የቡድን መሪው ማንንም አላዘዘም፤ ራሱ ተሸክሞት ወጣ።