የግንዱ አደራ

ኢስሃቅ የሱቅ ልጅ ነው፤ በፌስታል የማያስረው ነገር የለም። ሟቹ አባቱ ሻፊ፣ ቢታ ገነት ከተማ ጓሯቸው ከተከሉት ቡና ሥር የበቀሉትን ስድስት ችግኞች ሲነቅልም አፈራቸውን አራግፎ፣ ሥራቸውን በፌስታል ጥርቅም አድርጎ አሰረ። ቤቱ ተሽጧል፤ ገዢው ቡናውን ሊቆርጠው ነው። እናቱ ዘይቱና ከቦንጋ ደውለው የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የአባትህ እጅ ካረፈበት አንድ ነገር አምጣልኝ።»

ወደ ቦንጋ ሲጓዝ አውቶቡሱ ሺሺንዳ ከተማ ሳይደርስ ጫካ መሃል ጎማው ፈነዳ። ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ፌስታሉን አጋለው። ኢስሃቅ ፈትቶ ሲያይ ቅጠሉ ሁሉ ተልፈስፍሷል። እንባው መጣ፤ ሠላሳ ዓመት የሞላው ሰው አውቶቡስ ውስጥ ሊያለቅስ!

አጠገቡ የተቀመጡት ማር ቆራጭ፣ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ፣ ነገሩን ጠይቀው ሲረዱ ሳቁበት።

«ስኳር መሰለህ እንዴ? ይሄ እኮ ይተነፍሳል። ና ውረድ።»

ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣ ምንጭ ዳር፣ ዛፎቹ እስከ ቅርንጫፋቸው አረንጓዴ ጋቢ ለብሰዋል። ጋቢው ግንድ ላይ የሚበቅል ለስላሳ አረንጓዴ ነገር ነው፤ አበባም ፍሬም የለውም፤ ጥላና እርጥበት ባለበት ግንዱም ድንጋዩም ላይ ይነጠፋል፤ ሲጨምቁት ውሃ ይተፋል። ኢስሃቅ አዋቂ መስሎ ከቆመ ዛፍ ላይ ሊቦጭቅ ሲል ሽማግሌው እጁን ያዙት።

«የቆመውን አናራቁትም። ከወደቀው ነው የሚወሰደው።»

ከወደቀ ግንድ ላይ አረንጓዴውን ስድስት እፍኝ አንሥተው፣ ምንጩ ውስጥ ነክረው፣ የችግኞቹን ሥር አንድ በአንድ ጠቀለሉለት። «የግንዱ አደራ ነው፤ ሲበቃህ መልስ» አሉት። ኢስሃቅ ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን ሳይለይ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ።

ዘይቱና ችግኞቹን ሲቀበሉ «አልሃምዱሊላህ» ብለው አለቀሱ። ሦስቱ ደረቁ፣ ሦስቱ ጸደቁ። አረንጓዴውን ግን ቧንቧው ሥር ድንጋይ ላይ አንጥፈው ዓመት ሙሉ ውሃ አጠጡት። ኢስሃቅ ሊጥለው ቢል ተቆጡ።

«አደራ በልተህ የአባትህን ቡና ልትጠጣ ነው? መልስ!»

አረንጓዴውን በቅርጫት ይዞ ሄደ። ግንዱ ከዓመት በኋላም የሽማግሌው እጅ ባረፈበት ገና ራቁቱን ነበር። ተንበርክኮ ሲያለብሰው ከበላዩ ሳቅ ሰማ፤ ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፏቸውን እያዩ ኖሯል።

«ለስንቱ መንገደኛ ‹መልስ› ብያለሁ!» አሉ እየወረዱ። «የመለሰ አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ኢስሃቅ ከቅርጫቱ ከጸደቁት አንዱን ችግኝ አወጣ። «ይሄ ደግሞ የእርስዎ ነው። አባቴን ነው ያተረፉልኝ፤ ውለታዎ መቼም ከልቤ አይወጣም።»

ሽማግሌው ጓሯቸው ድረስ ወሰዱት። ችግኙን ተከሉ፣ አፈሩን በመዳፋቸው ጠቀጠቁ። ከዚያ «አባትህ ስማቸው ማን ነበር?» አሉ።

«ሻፊ።»

ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ቆባቸውን አወለቁ፤ ስንዝር ለማትሞላው ቡና ጎንበስ ብለው፣

«ጋሽ ሻፊ፣ እንኳን ደህና መጡ» አሏት።

ኢስሃቅ በዚህ ጊዜ እንባውን አልደበቀም።