በሹክሹክታ ያየሁት ፊልም

ከሁሉ የምትወጂው ፊልም የቱ ነው ሲሉኝ፣ አይቼው የማላውቀው እላለሁ። ይስቃሉ። ተማሪዎቼማ "ቲቸር ራኬብ ደሞ ጀመራት" ይባባላሉ። እኔ ግን የምሬን ነው። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ፊልም ስወድ ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ግን አላየሁትም። የነገረኝ ታላቅ ወንድሜ ዕዝራ ነው።

ያኔ ቤታችን ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው። የአባታችን ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ ስለነበር ምእመናኑ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ አንድ እያሉ፣ ዘመድ ሊጠይቁ የመጡ መስለው፣ ሳሎናችን ይሰበሰባሉ። መጋረጃው ይዘጋል። መዝሙሩ ሳይቀር በሹክሹክታ ነው። እኔና ዕዝራ መኝታ ቤት ገብተን በሩ ይዘጋብናል፤ "ትንፍሽ እንዳትሉ" ትለናለች እማዬ። የሰባት ዓመት ልጅን ግማሽ ቀን ትንፍሽ አትበዪ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የወለደ ያውቀዋል።

ዕዝራ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። ቃለአብ የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ የቃለአብ አጎት ደግሞ ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ይቆርጣል። በዚያ ሰበብ አንድ ቀን ሾልኮ ገባ። በእኛ ቤት ሲኒማ መግባትና ጠጅ ቤት መግባት አንድ ነው፤ አባዬ ቢሰማ ቆዳውን ይገፈው ነበር። ስለዚህ ያየውን ከእኔ በቀር ለማንም መናገር አልቻለም።

ፊልሜ እንዲህ ተጀመረ። አልጋው ላይ አንድ ብርድ ልብስ እንከናነባለን፤ ዕዝራ አፉን ጆሮዬ ላይ ያደርጋል። በአሸዋ ላይ የምትሄድ መርከብ አለች፤ ጎማ ተገጥሞላታል፣ ሸራዋን ነፋስ ይገፋዋል። አክተሩ፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ጀግናውን እንዲያ ነው የሚጠራው፣ አሸዋ የዋጠው ከተማ ውስጥ የጠፋ ወንድሙን ይፈልጋል። ሌባው የወርቅ ጥርስ አለው። መድፍ ሲተኮስ ዕዝራ ጆሮዬ ውስጥ እፍ ይልብኛል። ሰይፍ ሲጋጭ ምላሱን ከላንቃው ቀስ አድርጎ ያላቅቃል። ከሳሎን የሚመጣው የጸሎት ጉምጉምታ ለእኔ የበረሃው ነፋስ ነበር።

ደግሞ ልጅቷ አለች። ስም የላትም፤ "ልጅቷ" ናት። የውሃ በርሜል ውስጥ ተደብቃ መርከቧ ላይ ትሳፈራለች። ነፋሱን አሽትታ ውሃ የት እንዳለ ታውቃለች። አክተሩን ምሰሶው ላይ ጠፍረው ሲያስሩት በጨለማ ትመጣና ገመዱን በጥርሷ ትበጥሳለች። እዚህ ጋ ሲደርስ እግሬ ብርድ ልብሱ ውስጥ አርፎ አይቀመጥም። አንዳንድ ቅዳሜ ዕዝራ ያልነገረኝ ነገር ትዝ ይለዋል፤ ለካ ልጅቷ መሪውንም ይዛ ነበር፣ ለካ የሌባውን እጅ ነክሳዋለች። "እስከ ዛሬ ለምን ደበቅከኝ?" ብዬ አኮርፈዋለሁ።

ወደድኳት፤ ሌላ ቃል የለውም። ካደግሁም በኋላ አልተለየችኝም። አምስት ኪሎ መጀመሪያ ያስተማርኩ ቀን፣ ያ ሁሉ ተማሪ ሲያፈጥብኝ፣ አጠገቤ የቆመችው እሷ ነበረች። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለኛል፤ ፊቷ። ዓይኔን ስጨፍን መርከቧን አያታለሁ፣ የወርቅ ጥርሱ እንኳ ያብለጨልጭብኛል፤ እሷ ጋ ስደርስ ግን ጭጋግ ነው። ልጅ ሆኜ ዕዝራን ምን ትመስላለች ብዬ ስጠይቀው "ዝም በይ፣ መርከቧ ልትነሣ ነው" ይለኛል። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ደግሞ መጠየቁ አሳፈረኝ። ሳልሞት አንድ ጊዜ ያንን ፊት ባየው ብዬ ስመኝ ኖርኩ።

ባለፈው ሐምሌ ፊልሙን አገኘሁት። ኢንተርኔት ላይ ስለ መርከብና ስለ አሸዋ ያልጻፍኩት ነገር አልነበረም። አሮጌ ፊልም የሚሰበስቡ ሰዎች ጭነውት ኖሯል፤ ጎማ ያላት መርከብ ድንገት ስልኬ ላይ ድቅን ስትል ከወንበሬ ተነሣሁ። ብቻዬን ላየው ግን አልደፈርኩም። የትምህርት ቤቱን ፕሮጀክተር ተውሼ፣ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልዬ፣ ላፕቶፔን በጀርባዬ አዝዬ ወደ ዕዝራ ሄድኩ።

ዕዝራ ልብስ ሰፊ ነው። ቸርችል ጎዳና አናት ላይ፣ ደረጃው በሚንቋቋ አሮጌ ፎቅ፣ የመዘምራን ጋውን ይሰፋል። ስልሳ ሊሞላው ጥቂት ነው የቀረው፤ ጨርቅ የተረፈው እንደሆነ ጣት የምታህለዋን እንኳ ጠቅልሎ ለባለቤቱ የሚመልስ ሰው ነው።

"ምንድነው የተሸከምሽው?" አለኝ።

"ፊልምህን።"

"የቱን ፊልም?"

"ስንት አለህ አንተ ደግሞ!"

መቀሱን አስቀመጠ። አየኝና ምንም ሳይጠይቅ ነጭ የቴትሮን ጨርቅ ከጥቅሉ ፈትቶ ከመደርደሪያው ላይ እስከ ወለሉ ዘረጋው። መስኮቱን በወይን ጠጅ ጋውኖች ጋረደ። ሁለት ዱካ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ጥሩምባው ሲጀምር ደንግጬ ብድግ አልኩ። ፊልሙ እንደሚጮህ አላውቅም ነበር! ዕዝራ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰው፤ ቀነሰው፤ ሊሰማ አይሰማ ሲሆን "አሁን ልክ ነው" አለ፣ በሹክሹክታ። ዛሬ የሚሰማን ማን ነው? መዝሙር በድምፅ ማጉያ ከተማውን በሚያናጋበት ዘመን ሁለት ሽማግሌዎች የምንንሾካሾከው ማንን ፈርተን ነው? ግን እኔም በሹክሹክታ መለስኩለት።

አሸዋው በጨርቁ እጥፋት ላይ ተኛ። ከበሩ ሥር ነፋስ ሲገባ ጨርቁ ይወዛወዛል፤ መርከቧም አብራ ትወዛወዛለች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ በረሃው ደግሞ ፊታችን ተዘርግቷል። ዕዝራ ሰዎቹ ሳይናገሩ በፊት ነገራቸውን ጆሮዬ ሥር ይነግረኛል። ዕድሜዬ ከላዬ ላይ ተገፈፈልኝ።

"አሁን ነው" አለ ዕዝራ። "በርሜሉ።"

እጁን ጨበጥኩት። መርከበኛው በርሜሉን ከፈተ። አንዲት ትንሽ እርጥብ ውሻ ዘልላ ወጣች፤ ሰውነቷንም አራገፈች።

ዕዝራ ወደ ጨርቁ አንገቱን አሰገገ።

"ይቺ ማናት?" አለ ዕዝራ።

"ውሻ ናታ።"

"ውሻ መሆኗንማ አያለሁ! ከየት መጣች?"

ውሻይቱ ነፋሱን አሸተተች። ውሻይቱ የሌባውን እጅ ነከሰች። አክተሩ ምሰሶው ላይ ሲታሰር ገመዱን አላምጣ የበጠሰችው ያቺው ውሻ ናት። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ተናደድኩም። ያ ሁሉ ዓመት ውሻ ነበር የምወደው? ተማሪ ፊት አጠገቤ ያቆምኩት ውሻ ነው? ፊቷን ልይ ብዬ መጥቼ ጭራሽ ራሷንም አጣኋት።

ዕዝራ ተነሥቶ ጨርቁ ፊት ቆመ፤ አሸዋው ሸሚዙ ላይ ይሄዳል።

"ቆርጠዋታል" አለ። "ይሄ ሌላ ነው። ልጅቷን አውጥተው ውሻ ከተቱ።"

"ዕዝራ፣ ዋሽተኸኛል?"

"እኔ?" ድምፁ ተሰበረ። "በዓይኔ ያየኋትን? መማል አልወድም እንጂ እምልልሽ ነበር። ስትወጣ አየኋት። አሁንም አያታለሁ።"

አወቅሁት፤ የምሩን ነበር። ወንድሜ ውሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፣ አሁን ግን አልቀላም። ፊልሙን አቆምኩት። አሸዋው ባለበት ቀጥ አለ።

"እሺ፣ ካየሃት ምን ትመስላለች?"

ዱካው ላይ ተመልሶ ተቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ።

"ቀጭን ናት" አለ፣ ቀስ ብሎ። "ፀጉሯ ሁለት ቦታ ተጎንጉኗል፤ አንዱ ሁልጊዜ ይፈታል። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ስለዚህ ገመዱን በጎን ጥርሷ ነው የበጠሰችው፣ እንዲህ አንገቷን ሰበር አድርጋ።"

"ልብሷስ?"

"አረንጓዴ ሹራብ። እጅጌው ረዝሞባት ሁለት ጊዜ ታጥፏል።"

"በዚያ በረሃ ሹራብ?"

"ምን ላድርግ፣ ይበርዳት ነበር" አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

የልጅነት ፎቶ የለኝም። ሳሎናችን ከሚሰበሰቡት መካከል እነ ጋሽ አብርሃን ወታደሮች ይዘው የወሰዷቸው ሰሞን አባዬ የቤቱን ፎቶ ሁሉ፣ የጉባኤው ሰዎች ያሉበትንም የሌሉበትንም፣ በአንድ ጀምበር አቃጠለው። በሰባት ዓመቴ ምን እመስል እንደነበር አላውቅም፤ የነገረኝም ሰው የለም። ሹራቡን ግን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የዕዝራ ነበር፤ ሲጠበው ለእኔ ተላለፈ፣ አንገቴን ይበላኝ ነበር፣ እጅጌውን እማዬ ሁለት ጊዜ ታጥፍልኛለች።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ዕዝራ አሁንም ዓይኑን ጨፍኖ ከሩቅ የሚያያት ይመስል ፈገግ ብሏል። ብነግረው የምታመልጠው መሰለኝ። አፌን ዘጋሁት።

"ሌላስ?" አልኩት።

"ዓይኗ ትልቅ ነው፤ ፊቷን ሁሉ የያዘው ዓይኗ ነው። ፈሪ ናት። በር በተንኳኳ ቁጥር እጄን ቀብ ታደርገዋለች።"

እዚያች መርከብ ላይ የሚንኳኳ በር የለም። ዱካዬን ወደሱ አስጠጋሁና ጆሮዬን ሰጠሁት።

"ሌላስ፣ ዕዝራዬ? ሌላስ?"