ለአርባዬ የደረስኩ ዕለት

የሞትኩት በ1957 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ፣ በሬዲዮ፣ ራሴ በጻፍኩት ቴአትር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የጻፈውን ስጫወት ኖሬ የመጀመሪያ ድርሰቴ ሊተላለፍ ሲል፣ ስሜ በአገሩ ይሰማ ብዬ ለሟቿ ሴት የራሴን ስም ሰጠኋት፦ አቻምየለሽ ክንፈሚካኤል። ክብር ፍለጋ እንዲህ ያደርጋል።

ያን ቀን ቡሬ ላይ አቶ ይርሳው የሚባል የመንደራችን ሰው፣ ጨው ነጋዴ ነው፣ ጠጅ ቤት ተቀምጦ ሬዲዮ ያስከፍታል። ቴአትሩ ተጋምሷል። ስሜን ሰማ፤ ለቅሶውን ሰማ። ሞት እየተነገረ መጠጣት ነውር ነው ብሎ ብርሌውን አስቀመጠ፤ ሬዲዮኑንም ለክብሬ አዘጋ። ትንሽ ቢታገስ ኖሮ የተጫዋቾቹ ስም ሲነበብ ይሰማ ነበር። ጨዋነቱ ገደለኝ። ጅጋ አጠገብ ወዳለው መንደራችን ገስግሶ ለወላጆቼ መርዶ ነገረ።

ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። መጀመሪያ የደረሰኝ ለምሠራበት ቴአትር ቤት አለቃ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። «የሟች ልጄ የአቻምየለሽ አርባ ኅዳር ስምንት ቀን ስለሚወጣ፣ እናቷ የምታለቅስበት ልብሷን ይላኩልን» ይላል። የአባቴ የቄስ ክንፈሚካኤል ጽሕፈት ነው። የካህን ልጅ መድረክ ላይ ወጣች ብለው ከደጃቸው እንዳልደርስ ከገዘቱኝ ወዲህ ፊደላቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። አለቃው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን እናቴ ታየችኝ፤ አልሳቅሁም። ልብሱን እኔው ለብሼው አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ጅጋ ወርጄ በጤፍ ማሳ መሃል ስሄድ ያስጨነቀኝ አንድ ነገር ነው። ለእናቴ በሕይወት መኖሬ ይበቃታል። ለአባቴ ግን ግዝት ጥሳ የመጣች ልጅ ነኝ። ቢያባርሩኝስ?

ከአጥሩ በር ቆምኩ። ዳስ ተጥሏል፤ ሰው ሞልቷል። እናቴ ወለተ ሐና ራሷን ተላጭታ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ነበር። አየችኝና «ልጄ! ልጄ!» እያለች እየሮጠች መጣች። ሌሎቹ አማተቡ፤ አንዳንዱም ሸሸ። አቶ ይርሳው እንደጎረሰ ቀረ። እናቴ እጄን ይዛ ብትጎትተኝም አልገባሁም።

«አባቴ!» አልኩ ጮክ ብዬ። «አልሞትኩም። የተሰማው ቴአትር ነው፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ግዝትዎን ግን አልጥስም። ተመለሽ ካሉኝ ከዚሁ እመለሳለሁ።»

አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ከዳሱ ተነሡ።

«የምን ግዝት? መርዶሽ የመጣ ዕለት ነፍስሽ እንዳትታሰር ብዬ በሕዝብ ፊት ፈትቼዋለሁ።» መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀጠሉ። «ስትሞቺ የሰጠሁሽን በቁምሽ ነፍጌሽ ኖርሁ። ምን ዓይነት አባት ነኝ፣ አንቺ ልጅ?»

እፎይ አልኩ። ስድስት ዓመት የተሸከምኩት ወረደልኝ። ልገባ እግሬን ሳነሣ ግን በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ቆይ፣ አንቺ አትምጪ» አሉ። «ያባረርሁ እኔ ነኝ።»

ሰዉን እያቋረጡ መጡና ከደጃቸው ወጥተው አቀፉኝ።