ውሃ ካልበላኝ በቀር

ሰሊማ የማለችው በጨርቅ ተራ መሃል፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ድምጿን ዝቅ ሳታደርግ ነው። «ወላሂ! ውሃ ካልበላኝ በቀር ያቺ የቦላዋ ልጅ የቤቴን ደፍ አትረግጥም!» አለች። ሰሊማ ከማለች እንደማትመለስ ከሚሴ ያውቃል። አንድ ጊዜ በሕብረት ሱቅ ሰልፍ ላይ ገፉኝ ብላ ተቆጥታ ስኳራቸውን አልቀምስም አለች፤ ዓመቱን ሙሉ ቤተሰቡን ሻይ በጨው ያጠጣች ሴት ናት።

ነገሩ የልጇ የዩሱፍ ነው። ዩሱፍ አንድ ፍሬዋ ነው፤ ወፍጮ ቤት ይሠራል። እሷ የሰንበቴ ከተማ ነጋዴ ልጅ አጭታለት ሳለ እሱ ቦላ ሄዶ ሲዋኝ ፋጡሜ የምትባል ልጅ አይቶ መጣ። «እሷ ካልሆነች ማንንም አላገባም። እምቢ ካልሽኝ አሰብ እወርዳለሁ፣ ወደብ ላይ እሠራለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አታይኝም» አላት። የራሷን ግትርነት ከጡቷ ጋር ጠብቶ ያደገ ልጅ ነው፤ እንደሚያደርገው ታውቃለች። ልቧ ፈራ፤ አፏ ግን ቀድሞ ምሏል።

ቦላ በአገሩ ኦሮምኛ ጉድጓድ ማለት ነው። ከጨፋ ሸለቆ ዳር፣ ከተራራው ግርጌ፣ በፋጡሜ አያት ዘመን መሬቱ ከነማሽላ ክምሩ በአንድ ሌሊት ዘጭ ብሎ ወረደ። ሲነጋ ሰው ቢሄድ ክምሩ በነበረበት ቦታ ክብ ውሃ ሞልቶ ቁልጭ ቁልጭ ይላል። ቤተሰቡ ደረጃ ጠርቦ፣ ጎጆ ቀልሶ እንግዳ ማሳደር ጀመረ። አዋጁ መጥቶ መሬት ሲከፋፈልም የገበሬ ማኅበሩ «ጉድጓድ አይታረስም» ብሎ ለእነሱው ተወላቸው።

«ሳላያት ብከለክለው ሰው ይታዘበኛል። ሄጄ ላድርና ነውሯን ለቅሜ ልምጣ» አለች ሰሊማ ለባሏ ለጀይላን። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ስታወጣ ምክንያቷን «የጉልበት ሕመም» አስባለች።

«ጉልበትሽን ከመቼ ወዲህ ነው ያመመሽ?» አላት ጀይላን።

«ከዛሬ ወዲህ። ስማ፣ እዚያ ስንደርስ የዩሱፍ እናት ብለህ እንዳትጠራኝ። ማን እንደሆንኩ ማወቅ የለባቸውም።»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ዩሱፍ ከተወለደ ሌላ ስም ጠርቼሽ አላውቅ!»

«ምንም አትበል። ስትፈልገኝ ሳል።»

እስከ መገንጠያው በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግር ሄደው ደረሱ። የፋጡሜ እናት ኡሚ ከደጅ ተቀበለቻቸው። «አካም ኦልተኒ! እንዴት ዋላችሁ! ግቡ፣ ቤቱ የእንግዳ ነው» እያለች የሰሊማን ጓዝ ከእጇ ነጠቀች። ባሏ ኢሳ ከዋንጫ ወተት ጋር ብቅ አለ። ከኋላቸው ፋጡሜ መጣች፤ ረጅም፣ ፀጉሯ እርጥብ፣ ፊት ጥርሷ በትንሹ የተሸረፈ፣ ስትስቅ የማትሸፍነው ልጅ ናት። «መሳቅ ታበዛለች» ብላ ሰሊማ የመጀመሪያውን ነውር ያዘች።

«ውሃ ይጠጣሉ፣ እትዬ?» አለቻት ፋጡሜ።

«አይሆንም። እስቲ አምጪው።»

ሁለተኛውን ነውር ፍለጋ ጎጆ ገባች። ሰሌኑን ገልጣ ከሥሩ በጣቷ ጠረገች፤ አቧራ የለም። እንስራውን አሸተተች፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ጥሩ ታጥኗል። ተናደደች። ውጭ ጀይላን ሲፈልጋት ይስላል፤ ስትዘገይበት ደግሞ ደጋግሞ ይስላል። ኡሚ አዝና ዝንጅብል በማር አፍልታ አመጣችለት። «ምስኪን፣ ደረቱን በልቶታል» አለች።

የቦላው ደንብ አንድ ነው፤ ፋጡሜ አስረዳቻት። ሴቶች ሲገቡ ውሃው አፍ ላይ ባዘነበለችው ሾላ ሻሽ ይሰቀላል። የወንዶች ተራ ሲሆን የኢሳ ኪሱ የተቀደደ ጥቁር ኮት ይሰቀላል። «ሻሹ ካለ ወንድ ከዚያ ጉብታ ወዲህ አያልፍም። ኮቱ ከተሰቀለ ደግሞ ሴት ትወጣለች።»

«አይሆንም፣ እኔ አልገባም። እግሬን ብቻ ነው የምነክር» አለች ሰሊማ።

ሻሿን ፈትታ አሰቀለችና እግሯን ነከረች። ውሃው ለብ ያለ ነው። ጉልበቷን ነከረች፤ ያላመመው ጉልበቷ ሳይቀር ደስ አለው። ትንሽ ቆይታ በቀሚሷ እስከ ደረቷ ገብታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷ እንደ ድንኳን ተነፋ። ትንንሽ ዓሦች ተረከዟን ሲነካኩ እንደ ልጅ «ኪኪኪ» ብላ ደንግጣ አፏን ያዘች። ነውር መልቀሙን ረሳችው። በቂጧ እየተንፏቀቀች ከደረጃ ወደ ደረጃ ሄደች።

ፋጡሜ ከዳር ሆና ልብስ ትጨምቃለች። ቀና ስትል እንግዳዋ ደረጃው ወደሚያልቅበት ደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ የማሽላውን ክምር የዋጠው ጥልቁ ነው። ቀኑን ሙሉ ባማርኛ ስታወራት የዋለች ልጅ፣ ስትደነግጥ አፏ ወደ እናቷ ቋንቋ ሮጠ።

«ኮቱ! ኮቱ!»

ኮቱ በኦሮምኛ ነይ ማለት ነው። ሰሊማ ይህን አጥታው አይደለም፤ የከሚሴ ገበያ ስንት ዘመን «ኮቱ፣ ኮቱ» ሲል ጨርቅ ሸጣለች። ግን ሰው ራሱን ተገልጦ፣ ቀሚሱ ተነፍቶ ውሃ ውስጥ ሲሆን በራሱ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮቱ! ኮቱ ተሰቀለ! ወንዶቹ መጡ!

«ያ ረቢ!» አለችና ወዲያ ማዶ ካለው ቋጥኝ ሥር ልትደበቅ ተስፈነጠረች።

«ኮቱ!» አለች ፋጡሜ እየጮኸች።

«ሰማሁ! ሰማሁ!» አለች ሰሊማ፤ ይበልጥ ሸሸች። ቡልቅ! እግሯ መሬት አጣ። አንድ ጊዜ ሰጠመች፤ ብቅ ስትል ያላትን ትንፋሽ ሁሉ አውጥታ «የዩሱፍን እናት ውሃ በላት! ድረሱላት!» ብላ ጮኸች። እንደገና ሰጠመች።

ፋጡሜ ከነልብሷ ዘለለች። ከሥር ገብታ በብብቷ ያዘቻት። «አብሽሪ፣ አብሽሪ፣ አትታገዪኝ!» እያለች፣ አንቱታውም ጠፍቶባት፣ እየጎተተች ደረጃው ላይ አወጣቻት።

ጀይላን ከጉብታው ማዶ ጩኸቱን ሲሰማ ሳሉንም ረሳው። «የዩሱፍ እናት!» እያለ ሲሮጥ ኡሚ በትር ይዛ ቆመችበት። «ሻሹ አይታይህም?» አለችው። እሱ ምስኪን ቆቡን ዓይኑ ላይ ደፍቶ እዚያው ተገተረ። «አለች ወይስ ሞታለች? እሱን ብቻ ንገሩኝ!»

«አለሁ!» አለች ሰሊማ እያስታወከች። ከዚያ ወደ ፋጡሜ ዞረች። «ወንድ እየመጣ ነው ትይኛለሽ፣ ኋላ ደግሞ ትጎትቺኛለሽ!»

«እኔ መቼ አልኩ? ኮቱ ስልዎት ወዴት ነው የሚሸሹት?»

«ኮቱ ተሰቀለ ብለሽኝ ነዋ!»

ፋጡሜ ሾላዋን አየች። ሻሹ በነፋስ ይውለበለባል። ነገሩ ሲገባት ቁጭ ብላ ሳቀች። ኡሚም በትሯን ተደግፋ ሳቀች። ሰሊማ ከንፈሯን ነክሳ ታገለች፤ አልሆነም፤ ሳቁ ከውሃው ጋር በአፍንጫዋ ወጣ።

«እንግዲህ አወቃችሁኝ» አለች በኋላ።

«እኔማ ገና ሲገቡ ነው ያወቅኩዎት» አለች ፋጡሜ። «ውሃ ልስጥዎት ስል ‹አይሆንም፣ እስቲ አምጪው› አሉኝ። ዩሱፍም እንዲሁ ነው። አይሆንም ሳይል እሺ አይልም።»

«አውቀሽ ነው እንዲህ ስትስቂ የዋልሽው? አማትሽ ልትሆን የመጣች ሴት ፊት?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እትዬ? ሌላ ሰው ልሁን?»

ሰሊማ ቀሚሷን እየጨመቀች ወደ ጎጆው ሄደች። ማታ የማሽላ ገንፎ በወተት ቀረበ፤ ሁሉም ሲጫወት እሷ ገንፎውን ታማስላለች። ልጅቷን ወዳታለች፤ መሐላዋን ግን ጨርቅ ተራ ሙሉ ሰምቷል። እንደዚያው አደረች።

ሲነጋ ጀይላን ቀረብ ብሎ ሹክ አላት። «መሐላ ማካካሻ አለው እኮ። አሥር ድሃ ማብላት ነው፤ ያም ካልተቻለ ሦስት ቀን መጾም።»

«አይሆንም! እኔ መሐላ አላፈርስም!»

ጀይላን አንገቱን ደፋ። አሰብ፣ ወደቡ፣ ባዶው ቤት ታየው። ሰሊማ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ኢሳና ኡሚ ከተቀመጡበት ሄዳ ቆመች።

«ጀይላን፣ በጨርቅ ተራ ምን ብዬ ነው የማልኩት?»

«ውሃ... ውሃ ካልበላኝ በቀር።»

«ትናንትስ ምን ሆንኩ?»

ጀይላን አፉን ከፈተ። ፊቱ በራ። «ውሃ በላሽ!»

«በላኝ! ኋላ ቢተፋኝም መብላቱንማ በልቶኛል። ኡሚ ምስክሬ ናት፤ ጩኸቴን ሰምታለች።» ከዚያ ወደ ኢሳ ዞረች። «የፊታችን ሐሙስ ሽማግሌ እልካለሁ። አንቺስ፣ ፋጡሜ? ልጄን ታገቢልኛለሽ?»

ፋጡሜ የተሸረፈ ጥርሷን እያሳየች «አይሆንም» አለች።

ኢሳ ደነገጠ። መጀመሪያ የገባት ሰሊማ ናት፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ልጅቷንም ጎትታ ግንባሯን ሳመቻት። «ማሻአላህ! ይቺ የኛው ናት!»

ጀይላን ጓዙን ተሸክሞ ደጅ ቆመ። «በይ እንሂድ፣ የዩሱፍ እናት። ወረቀቱ ለአንድ ሌሊት ነው።»

«አይሆንም። ጉልበቴ ገና አልዳነም» አለችና ሻሿን ከራሷ ፈታ ሾላዋ ላይ ሰቀለችው። «ፋጡሜ! ኮቱ!»