ካርድ ቆጣሪውን ያስነሳችው ልጅ

እሑድ አመሻሽ ላይ፣ የሮድሪ ዶሮ ምድጃው ውስጥ ገና ግማሹ ጥሬ ሳለ፣ ቤቱ ድርግም አለ። የመብራቱ ካርድ አልቆ ነበር። ከላይ ከመታጠቢያ ቤት ፈርን ፀጉሯ በሻምፑ እንደተነከረ፣ "ዛሬ ካርድ የመሙላት ተራ የማን ነበር?" ስትል ተሰማ። ተረኛዋ ራሷ ነበረች።

ሼፊልድ ከተማ፣ ዳገቱ አናት ላይ ያለችውን ያቺን ጠባብ ቤት ሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተከራይተዋታል። ካርዱ የሚሞላው ደግሞ ዳገቱ ግርጌ ካለች ሱቅ ነው።

"የመብራት ካምፓኒውን እንቀይር" አለ የዌልሱ ልጅ ሮድሪ፣ ዶሮውን በሹካ እየነካካ። "ጎረቤቶቻችን ቀይረው የለ? እንደ ሰው በወሩ መጨረሻ መክፈል ነው። ካርድ ብሎ ነገር የለም።"

"ማን ይደውላል ታዲያ?" አለች ፈርን ፎጣ ጠምጥማ እየወረደች።

ሁለቱም ሦስተኛዋን ተከራይ ታምዚንን አዩዋት፤ ወዲያው ደግሞ ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ የገባችው እሷ ስለሆነች የመብራቱ ውል በስሟ ነው። ኢንተርኔት ላይ ሞክራ ነበር፤ ካርድ ቆጣሪ ያለው ሰው መደወል አለበት ይላል። ታምዚን ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ተብታባ ናት። ፊት ለፊት ሲሆን እንደምንም ትወጣዋለች፤ ስልክ ሲሆን ግን ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ይሰነቀራል። ፒዛ እንኳ በስልክ አዝዛ አታውቅም።

"ታምዚን ነኝ ብዬ ልደውልልሽ?" አለ ሮድሪ በዚያ ጎርናና ድምፁ።

ፈርን ሳቀች፤ ታምዚንም ሳቋ አመለጣት። "እኔው እ... እደውላለሁ" አለች።

በማግስቱ ክፍሏን ዘግታ ደወለች። ያነሳው ማሽን ነው። አድራሻዋን ሲጠይቃት ከመጀመሪያው ፊደል ጋር ስትታገል፣ "ድምፅዎ አልተሰማም" ብሎ ዘጋባት። ደግማ ደወለች፤ ደግሞ ዘጋባት። እንባዋ መጣ። በእጅጌዋ ጠረገችውና እንደገና ደወለች። በስተመጨረሻ አንድ ረጋ ያለ ሰውዬ አነሳ።

"እኔ ተ... ተብታባ ነኝ፤ ይታገሱኝ" አለችው። ይህን ለማንም እንዲህ በግልጽ ተናግራ አታውቅም።

"ሻዬን ይዤ ተቀምጫለሁ፣ እመቤት" አላት። "አይቸኩሉ።"

ሁሉም ተሳካ፤ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ካርድ ቆጣሪው ተነቅሎ ሌላ ስለሚተከል፣ የቤቱ ባለቤት መፍቀድ አለበት። ባለቤቱ ሚስተር ሃክስቢ ደግሞ ለሚስማር እንኳ ፈቃድ የሚያስጠይቅ ሰው ነው። አሸንዳውን ሊጠግን የመጣ ዕለት ታምዚን መተላለፊያው ላይ ጠብቃ ያዘችው።

"ቆ... ቆጣሪውን—"

"ሰበራችሁት?"

"አይደለም፤ ልን... ልን—"

"ካርድ መሙላት አቃታችሁ። ድሮም ተማሪ—"

"ሚስተር ሃክስቢ፣ ገና አ... አልጨረስኩም።"

ደረጃው ላይ ሮድሪ ሊያግዛት አፉን ሲከፍት ፈርን በክርኗ ጎሸም አደረገችው። ታምዚን ቀጠለች። ቃሉ ሲይዛት ትቆማለች፤ ዓይኗን ግን ከሰውዬው ላይ አልነቀለችም። የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍለው ተከራዩ እስከሆነ ድረስ ካምፓኒውን የመምረጥ መብቱም የተከራዩ እንደሆነ፣ አዲሱ ቆጣሪ በነፃ እንደሚተከል፣ ከእነሱ በኋላ የሚገቡትም እንደሚጠቀሙበት፣ አንዷንም ሳታስቀር ተናገረች። ጊዜ ወሰደባት። ሰውዬው መጀመሪያ ሰዓቱን አየ፤ ቀጥሎ ቆቡን አወለቀ፤ በኋላ ዝም ብሎ አዳመጠ።

"ግድግዳዬን እንዳይቦረቡሩት እንጂ እሺ" አለ። ትንሽ አሰበና፣ "አንቺ ልጅ፣ ሕግ ነው እንዴ የምትማሪው?"

"ጂ... ጂኦሎጂ።"

"ድንጋይ ነዋ!" አለ ራሱን እየነቀነቀ። "አሁን ገባኝ።"

ባለሙያው መጥቶ ካርድ ቆጣሪውን ነቅሎ የሄደ ዕለት ፈርን መታጠቢያ ቤት ገብታ አልወጣም አለች። ሮድሪ ደግሞ በረንዳ ላይ ቆሞ ላለፈ ላገደመው ሁሉ፣ "ያስነሳችው የኛዋ ታምዚን ናት፤ ባለቤቱን አፉን አስይዛ" ይል ነበር። ታምዚን በመስኮት ሰማችው፤ ዝም በል ልትለው አስባ ተወችው።

ማታ ኮርንዎል ወዳለው ቤታቸው ደወለች። አባቷ ጀልባ ጠጋኝ ነው፤ እሱም እንደሷ ተብታባ። ስልክ ሲጮህ ወደ ጓሮ የሚወጣ ሰው ነው፤ ያን ምሽት ግን እናቷ ስላልነበረች አነሳ። ታሪኩን ነገረችው።

"ማን ደ... ደወለልሽ?"

"እኔ።"

"ባለቤቱንስ ማን አ... አነጋገረው?"

"እኔው ነኝ፣ አባዬ።"

ድምፅ ጠፋ። ሌላ ሰው ቢሆን መስመሩ የተቋረጠ ይመስለው ነበር። እሷ ግን ያን ዝምታ ታውቀዋለችና ጠበቀች።

"ጎ... ጎበዝ" አለ። "ጎበዝ፣ ልጄ።"

በማግስቱ እናቷ ደወለች። "ምንድነው ለአባትሽ የነገርሽው?" አለቻት። "ወደቡ ላይ ሰው እያስቆመ 'ልጄ እንዲህ አደረገች' ሲል ዋለ። ካገባሁት ጀምሮ ይህን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።"