የማይጋባው እከክ

ፈንታነሽን ክንዷን ማሳከክ የጀመራት ልጇ ሕይወት ጡት በጣለች ሰሞን ነበር። ከክርኗ በላይ ይነሳና ወደ ትከሻዋ ይወጣል፤ ደም እስኪወጣት ብታክከውም አይለቃትም። ያን ዓመት የምትኖርባት ከተማ ገሳይ እከክ ገብቶባት ስለነበር የጤና ጣቢያው ሰዎች የድኝ ቅባት ሰጥተው ልብሷን እንድትቀቅል፣ ከሰው እንድትርቅ አዘዟት። ጎረቤቶቿ ተቀብተው ዳኑ፤ እሷ አልዳነችም። ጣራ ገዳም ሄዳ ጠበል ተጠመቀች። ጠበሉ ሲወርድባት ይታገስላትና ገላዋ ሲደርቅ ይብስባታል።

መኝታዋን ለየች፣ ዋንጫዋን ለየች። ሕይወት ግን ልጅ ናት፤ እየሮጠች መጥታ ጉልበቷ ላይ ትጠመጠማለች። ፈንታነሽ ገፍታ ታስለቅሳትና ራሷ ጓሮ ዞራ ታለቅሳለች። ባሏ ሙላቴ ሞቷል፣ የሚያግዛት የለም። በመጨረሻ ልጅቱን እብናት ለምትኖረው፣ ወልዳ ለማታውቀው እህቷ ለዓለሚቱ ሰጠቻት።

«እስኪሻለኝ ያዢልኝ» ነበር ያለቻት።

አልተሻላትም። በዓመት በዓል እየሄደች ልጇን ከበር ላይ ሆና ታያለች፣ ሰላምታዋም ከሩቅ ነው። ክረምት የጉና ተራራ በረዶ ሲወርድ ደጅ ትወጣና ክንዶቿን ትዘረጋለች፤ የሚያስታግስላት እሱ ብቻ ነበር። ሰው አበደች አለ። ሕይወት አደገች፣ ተዳረች። በሠርጓ ቀን እንኳ ፈንታነሽ የተቀመጠችው ከዳሱ ውጭ ነው።

ዘንድሮ ዶክተር ሙሉቀን የሚባል የነርቭ ተመራማሪ ደብረ ታቦር መጣ። ማሳከክና ሕመም ከቆዳ ተነስተው በምን መንገድ አእምሮ እንደሚደርሱ ያጠናል፤ ማሳከኩ በመድኃኒት አልለቅ ያላቸውንም ሰዎች ይፈልግ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፈንታነሽን ወሰደቻት። ዶክተሩ ክንዷን በጥጥ ዳሰሰ፣ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ። የበረዶውን ነገር ስታነሳለት መርፌውን አስቀምጦ እንድትደግምለት ጠየቃት። ባሕር ዳርም ልኮ አንገቷን በኤም አር አይ አስመረመራት።

ውጤቱ የመጣ ቀን ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ ቆዳዎ ምንም የለበትም» አላት። «አንገትዎ ላይ አጥንቱ ነርቩን ተጭኖታል። እንዲህ የተጫኑት ነርቭ ደግሞ ለአእምሮ የሐሰት ወሬ ያቀብላል። በረዶ ሲነካዎ የብርዱ ወሬ ያኛውን ይሸፍነዋል፤ ለዚህ ነው የሚሻልዎት።»

ፈንታነሽ ጠየቀችው፦ «ታዲያ ሰው ላይ ይጋባል?»

«አይጋባም።»

«ያኔም?»

«ያኔም አይጋባም ነበር።»

ዶክተሩ ደስ ይላታል ብሎ ነበር የጠበቀው። እሷ ግን ክንዶቿን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ የሌላ ሰው ይመስል ትመለከታቸው ጀመር።

«ልጄን ማቀፍ እችል ነበር ማለት ነው» አለች።

ሙሉቀን የነርቭ መድኃኒት አዘዘላት።

መድኃኒቷን እንደያዘች፣ ገሳይም ሳትመለስ፣ እብናት ወረደች። ሕይወትና ዓለሚቱ ግቢ ውስጥ ምስር ያበጥራሉ። ፈንታነሽ ሁሉንም ነገረቻቸው። ዓለሚቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሕይወት አላለቀሰችም።

«የጠሉኝ ይመስለኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ምን አጥፍቼ እንደሆነ እማን እጠይቃት ነበር።»

እማ የምትለው አክስቷን ነው።

ፈንታነሽ ተነስታ አቀፈቻት። ሕይወት አልሸሸችም፤ ሰፌዷን እንደያዘች ቆመች። ትከሻዋ ድርቅ ብሏል፣ እስትንፋሷን ይዛለች፤ መርፌ የሚወጋ ሰው እስኪጨርስ እንደሚታገሡት ያህል። ፈንታነሽ ይህ ሲገባት ለቀቀቻት።

«ይቀመጡ እንጂ፣ ውሃ ላምጣልዎት» አለች ሕይወት ልብሷን እያስተካከለች። ከዚያም ወደ ዓለሚቱ ዞራ፣ «እማ፣ አንቺም ተነሽ፣ ፀሐዩ መታሽ» አለቻት።

መድኃኒቱ ሠራ። ጥምቀት ሳይደርስ ማሳከኩ ተዋት፣ ክንዷ ላይ ጠባሳው ብቻ ቀረ። አሁን እብናት ቶሎ ቶሎ ትመላለሳለች። ሕይወትም በደንብ ትቀበላታለች፤ ደህናውን ወንበር ታወጣላታለች፣ ቆማ ታስተናግዳታለች፣ መኪና ድረስ ትሸኛታለች፤ ሁልጊዜም አንቱ ትላታለች። አንድ ቀን ፈንታነሽ «አንቺ በይኝ» ልትላት ቃሉ አፏ ላይ ደረሰና ተወችው።