ሁለት የቆሎ ጥቅል ወደ ላይ

በእነ ሮበሌ ቤት የማይጠራ አንድ ቃል ነበር። የሰይጣን ስም እንኳ እንዳሻው ይጠራል፤ እናቱ ገዲሴ ቆሎው ሲያርርባት ሰይጣንን ከነዘር ማንዘሩ ነው የምትረግመው። «ሰሜን» የሚለው ቃል ግን ደጃፉን አያልፍም። ታላቅየው ልጇ ኢታና በአፈሳ ተይዞ ወደዚያ ከሄደና ወሬው ከጠፋ ወዲህ፣ በዚያ ቤት «ላይ» ነው የሚባለው። «ላይ ብርዱ አይጣል ነው አሉ።» «የእነ ተሾመች ልጅ ከላይ ቆስሎ መጣ አሉ።» ጎረቤቱም ለመደው። የጎፋ ሰፈር ሰው ለሐዘንተኛ አፉን ይቆጥባል፤ ይሙት ይኑር ላልታወቀ ልጅ እናት ደግሞ አብልጦ ይቆጥባል።

ሮበሌ የቀራት ልጅ ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ማትሪኩ ሳይመጣለት ቀርቶ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጦ አሮጌ ጋዜጣ እየቀደደ ለእናቱ የቆሎ መጠቅለያ ይጠቀልላል። ጫፉ ሹል፣ አፉ ሰፊ፣ እንደ ጎጆ ክዳን ያለ። ለብቻው መሆን የሚወድ ልጅ ስለነበረ ሥራው አልከበደውም፤ እጁ ሲጠቀልል ሐሳቡ የፈለገበት ይሄዳል። ውጭ መውጣቱ ነው የሚከብደው። በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት በንፋስ ስልክ መንገድ ላይ ቁመትና ጤና ይዞ መታየት ራሱን የቻለ ጥፋት ነበር።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ በኃይሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኮታ ያለበት ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ገዲሴ ሰፌዷን ዘርግታ ከተቀመጠችበት መጥቶ ቆሎ ገዛና እዚያው ቆሞ እየቆረጠመ፣

«እትዬ ገዲሴ፣ የሮበሌ ነገር ከእጄ ወጥቷል። በዚህ ዙር ስሙ አለ» አላት።

«አንዱን ሰጥቼህ የለም ወይ፣ ጓድ?»

«ለእኔ መቼ ሰጡኝ፤ ለእናት አገር ነው የሰጡት።»

«እሷስ ስንት ልጅ ይበቃታል?»

ጓድ በኃይሉ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህን እኔ አልሰማሁም። ይልቅ አንድ ቀዳዳ አለ። ባሕር ኃይል አሥራ ሁለተኛ የጨረሱ ጥቂት ልጆች ሊመርጥ ማክሰኞ ሳምንት ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ይመጣል። እነሱ ከወሰዱት እሰርዘዋለሁ። ካልወሰዱት ግን፣ እግዜር ያሳይዎት፣ በማግስቱ ከመኪናው ላይ ነው።» ባዶውን ጥቅል በመዳፉ ጨምድዶ ጥሎ ሄደ።

ገዲሴ የተጨመደደውን ወረቀት አንስታ በጉልበቷ ላይ ስታቃናው ቆየች።

«ባሕሩስ የት ነው ያለው?» አለች ማታ።

ሮበሌ ያውቀዋል። ካርታውን ትምህርት ቤት ስንቴ ስሎታል። «ከላይ አለፍ ብሎ ነው፣ እማዬ» አለ።

«አለፍ ካለስ ደግ» አለች።

ከአጥሩ ማዶ ጋሽ ደምሰው የሚባል የባሕር ኃይል ጡረተኛ ይኖራል። ዕድሜውን ቀይ ባሕር ላይ ፈጅቶ አንድም ቀን አልተኮሰም። ሥራው ከምጽዋ ደጅ እስከ ዳህላክ ደሴቶች በጀልባ እየዞሩ፣ መርከብ ድንጋይ ላይ እንዳይወጣ በባሕሩ ላይ ተንሳፍፈው የሚያመለክቱትን ምልክቶች ቀለም መቀባት፣ መብራታቸውን መለወጥና የወፍ ኩስ መፋቅ ነበር። ሳልና ጡረታ ይዞ ወደ ጎፋ ተመለሰ። ገዲሴ አንድ ሰሃን ቆሎ ይዛ ሄዳ ነገሩን ስትነግረው ብዙ አሳሰለውና፣

«ልጁን ላኪልኝ» አላት። «መኮንኖቹን አውቃቸዋለሁ። ዋና አይጠይቁትም፤ የጎፋ ልጅ ዋና ከየት ያመጣል? ምልክት ነው የሚጠይቁት። ምልክት ያወቀ ልጅ መርከብ ላይ ይቀራል። ምሽግ አይቆፍርም።»

የጋሽ ደምሰው ግቢ ባሕር ሆነ። በሩ ወደብ፣ ሽንት ቤቱ የዳህላክ ደሴት፣ ሮበሌ መርከብ። ጋሽ ደምሰው ቀይና አረንጓዴ የቀለም ቆርቆሮዎች ግራና ቀኝ ደርድሮ፣ ዱካው ላይ ተቀምጦ ይመራዋል።

«ከባሕር ወደ ወደብ ስትገባ ቀዩ በግራህ፣ አረንጓዴው በቀኝህ። ስትወጣ ግልባጩ። እንዳትረሳው እንዲህ በለው፤ ስትገባ ቀዩ ግራ ይግባህ።»

«ግራ የገባኝማ ድሮ ነው፣ ጋሼ።»

«እሷን ለመኮንኑ እንዳትነግረው። በል ና ግባ። አሁን ደግሞ ውጣ። አየህ፣ ደሴቲቱን የአህያ ጀርባ በሚያክል ጠባብ ርቀት ነው ያለፍካት፤ ሽታውም አልነገረህ?»

ሮበሌ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ትልቅ ውኃ የሚለው ክረምት ላይ በላፍቶ በኩል ደፍርሶ የሚወርደውን የአቃቂን ወንዝ ነው። ማታ ሲተኛ ግን ከአልጋው ሥር ውኃ ይሰማው ጀመር። እሱ ራሱ መርከቡን አልነበረም የሚመኘው፤ ምልክቱን ነው። በሰንሰለት ታስሮ ለብቻው የሚወዛወዝ፣ ማንም ለስብሰባ የማይጠራው፣ መርከብ ሁሉ ግን አይቶት የሚታዘዘው ነገር።

ቀይና አረንጓዴው በሁለት ቀን አለቀ። ያስቸገረው ጥቁርና ቢጫው ነበር። እነዚህ በአራቱ ማዕዘን የተሰየሙ ናቸው፤ አናታቸው ላይ ሁለት ሁለት ሾጣጣ ነገር ተደራርቦ ይቆማል። ጋሽ ደምሰው የሚያሳይበት አጥቶ ግቢውን ሲያማትር፣ ሮበሌ በአጥሩ ላይ እጁን ሰድዶ ከእናቱ ሰፌድ ሁለት የቆሎ ጥቅል አመጣ። በአጣና ላይ ሰኳቸው።

«ይኸውልህ» አለ ጋሽ ደምሰው ደስ ብሎት። «ሁለቱም ሹላቸው ወደ ታች ከሆነ ደቡብ። አፍ ለአፍ ከገጠሙ ምሥራቅ፤ እንቁላል በለው። ሹል ለሹል ከነካኩ ምዕራብ፤ ወገበ ቀጭን በላት። ሁለቱም ሹላቸው ወደ ላይ ከሆነ ደግሞ ሰሜን። ልብ አድርግ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሰሜን አለ ማለት አደጋው ሰሜን ነው ማለት አይደለም። በሰሜን በኩል እለፍ፣ ደህናው በዚያ ነው ማለት ነው። በል ድገም። ሰሜን ደህና ነው።»

ከአጥሩ ማዶ የቆሎው መጥበሻ ዝም አለ።

ገዲሴ ማማሰያዋን እንደያዘች ወደ አጥሩ መጣች። «ጋሽ ደምሰው፣ በአቦ ይዤዎታለሁ» አለች፤ ቁጣ የለባትም። «የፈለጉትን ያስተምሩት። ያንን ቃል ግን እኔ ጆሮ ሥር አያስደግሙት። ደህና ነው እያሉ ደግሞ።»

ጋሽ ደምሰው ካስቀመጠው አጣና ላይ ዓይኑን ተከለ። «አጥፍቻለሁ፣ እትዬ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ግቢ ሰሜን «ላይ» ተባለ።

«ሁለት ሹል ወደ ላይ?»

«በላይ በኩል አልፋለሁ።»

«ጎበዝ። እንቁላል?»

«በምሥራቅ።»

እንዲህ ሲሉ ሰነበቱ። ማክሰኞ ሲደርስ ሮበሌ ምልክቱን ሁሉ እንደ ዳዊት ደጋሚ ያወርደው ነበር። ገዲሴ የኢታናን ኮት አራግፋ አለበሰችው። ትከሻው ላይ ልክ ሆነ። ሁለቱም ይህን አዩ።

የከፍተኛው አዳራሽ በልጆች ሞልቷል። ከተለጠፈው መፈክር ሥር ነጭ የደንብ ልብስ የለበሰ መኮንን ተቀምጧል፤ ንጣቱ በዚያ አቧራ መሀል ዓይን ይወጋል። ጓድ በኃይሉ ከጎን ቆሞ ስም ይጠራል። አንዳንዱ ልጅ ከወንበሩ ፊት ቆሞ አገጩን ሲነካካ ይቆይና ይመለሳል። ሮበሌ ሲጠራ ቀረበ።

«ከወደብ እየወጣህ ነው። ቀዩ በየት በኩልህ ይሆናል?»

«በቀኜ፣ ጌታዬ።»

መኮንኑ ቀና አለ። «ማን አስተማረህ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ጥቁርና ቀይ ቀለም ያለበት፣ አናቱ ላይ ሁለት ጥቁር ኳስ የተቀመጠበት ምልክት ምን እንደሆነ ጠየቀው። ሮበሌ ድንጋዩ ከሥሩ እንደሆነ፣ ዙሪያው ግን ውኃ እንደሆነ መለሰ። ጓድ በኃይሉ ከጎን ሆኖ የራሱ ልጅ እንደሆነ ሁሉ ፈገግ አለ።

መኮንኑ ተነሥቶ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሹል ነገር ደራረበ። ሁለቱም ወደ ላይ። «መጨረሻዋ ይህች ናት። በየት በኩል ታልፋለህ?»

«በላይ በኩል።»

አዳራሹ ሳቀ።

«ላይ? አውሮፕላን ነው እንዴ የምትነዳው?» መኮንኑም ፈገግ ብሏል፤ ልጁን ወዶታል። «አቅጣጫ ስም አለው። ስሙን ጥራው።»

ሮበሌ አፉን ከፈተ። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ። ከቃሉ ጋር ግን መጥበሻው ዝም ሲል መጣ፣ የእናቱ ማማሰያ መጣ፣ ኢታና ከመኪናው ላይ ሆኖ ኮቱን አውልቆ ሲወረውርላት መጣ። ያንን ቃል ጠርቶ፣ በዚያ በኩል ደህና ነው ብሎ፣ በሰው ፊት ጮክ ብሎ መናገር። አእምሮው ያውቀዋል። ሆዱ እሺ አይልም። አዳራሹ ይጠብቃል፤ ጓድ በኃይሉ በከንፈሩ ቃሉን ሊሰጠው ይሞክራል።

«በደቡብ» አለ ሮበሌ።

መኮንኑ ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን አራገፈ። «መርከቧን ድንጋይ ላይ አወጣሃት፣ ልጄ። ከነሰዎቿ።»

«አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ። አሁን ልናገረው።»

«ባሕር ሁለተኛ አይጠይቅም» አለና ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። «ቀጥሎ ያለው።»

ጋሽ ደምሰው በግቢው በር ላይ ነው የጠበቀው። ፊቱን ሲያይ ገባው።

«የቷ ጣለችህ?»

«ሁለት ወደ ላይ።»

«እሷንማ አንተ በእንቅልፍህ...» ብሎ ጀመረና ቆመ። ወደ አጥሩ ዞረ። ከማዶ መጥበሻው ይንሿሿል። ሳሉ መጣበት፤ አጣናውን ተደግፎ እስኪለቀው ቆየ። «ስም መጥራት ነበረብን» አለ በመጨረሻ። «ለእናትህ እንዳትነግራት።»

«ምን ልበላት?»

«ግራ ገባኝ በላት።»

እንዲያው አላት። ገዲሴ «ቀዩ ነው?» አለች፤ ከአጥር ማዶ የሰማችውን ያህል ታውቅ ነበር። «አዎ፣ ቀዩ» አለ። «ቀይ መቼም ደግ አያመጣም» ብላ ሌሊቱን ስንቅ ስትቆላ አደረች።

በማግስቱ መኪናው ከቀበሌው ደጅ ቆሞ ነበር። ልጆቹ ተጭነዋል። ገዲሴ በከረጢት ቆሎውን፣ በሌላ በሶውን አቀበለችው። ሮበሌ የኢታናን ኮት አውልቆ ሊሰጣት ሲል እጁን ያዘችው።

«ላይ ብርድ ነው» አለች። «ልበሰው።»

መኪናው ተነሥቶ በንፋስ ስልክ መንገድ ወደ ከተማው ሲወጣ አልጮኸችም። አቧራው እስኪተኛ ቆማ፣ ወደ ቤቷ ሳይሆን ወደ ጋሽ ደምሰው ግቢ ገባች። ቀይና አረንጓዴው ቆርቆሮ እንደተደረደረ ነው። አጣናው መሀል ቆሟል፣ ሁለቱ ጥቅሎች ሹላቸው ወደ ላይ።

«ይኼ ምን ማለት ነበር?» አለች።

ጋሽ ደምሰው ከዱካው አልተነሣም። «በዚህ በኩል ደህና ነው ማለት ነው፣ እትዬ።»

«በየት በኩል?»

በጣቱ ወደ ላይ አመለከታት።

«በሰሜን?» አለች ገዲሴ።

«አዎ» አለ፤ ቀና ብሎ አላያትም። «በሰሜን።»

ገዲሴ ምልክቱን ጥቂት አየችው። ከዚያ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ ከአጣናው ነቀለች፤ ወረቀት ጠፍቷልና። ጫፋቸውን በጣቷ አቃንታ፣ ወደ ሰፌዷ ተመልሳ ተቀመጠች። አንድ መንገደኛ ሲመጣ፣ አንዱን ጥቅል ሹሉን ወደ ታች አድርጋ ቆሎ ሞላችለት።